ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል፣
ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣
ደረጃው በሚያቃስት በዚያች ጠባብ ክፍል
የፍቅር ደራስያን ማኅበር ተሰየመ፤
ከዐሥራ አንድ አባላት ዘጠኙ ታደመ።
ቢራራ ሰርግ ሄዷል። ወርቅያንሱም ባሏን «እድር ነው» እያለችው
ሰንብታ፣ ጠየቃት አሉ፦ «በየቅዳሜው የሚሞተው ማነው?»

ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ፣
ማየት የለመዱ ከዐይናቸው በእጅ፣
እንዲህ ሲሉ ከፈቱ፦
«እኔ የፍቅርን መጨረሻ በእጄ ስቀበል ኖሬ
መጀመሪያውን ግን አላየሁት፤ እስቲ አሳዩኝ ዛሬ።»

ደንቡ ተነበበ።
«ልብ» የጻፈ አምስት ብር፣ «ጨረቃ» ያለ አምስት፣
«ማር» ላለ አስተያየት፣ እንደ አገባቡ ዐይነት።
ቅጣቱ ተጠራቅሞ በወተት ዱቄት ጣሳ
አምፖል ገዝቶልናል፤ ይህም አይረሳ።
«እንግዲህ ልብ በሉ» ሲሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ፣
ፈንታነሽ ጣሳውን አንቀጫቀጨችው።
ከፈሉ።
ተጨበጨበ።

ቀጥሎ ውድድር። ርእሱ፦ መጀመሪያ የተያዩ ዕለት፤
መቶ ቃል፣ ስም የለሽ። ግንቡም አይግባበት፤
ባለፈው ከዘጠኝ ድርሰት ስምንቱ ግንብ ሥር ተሳሙ፣
ድንጋዩ ሰልችቶት እነሱ ሳይደክሙ።

አንባቢዋ እኔ ነኝ።
አንድ ቁጥር አዘዞ ነው፤ አውሮፕላን ወረደ፣ ሻንጣ ተቀያየረ።
ሦስት ቁጥር ሙሽሪትን ሲያስጌጥ ቃሉ አለቀበት፣ ሙሽራው ደጅ ቀረ።
አራት ቁጥር የባንክ ሰልፍ፤ ተራ ተለዋውጠው ተዋደዱ፤
(ከሁሉ ቀድሞ ስለ ሳቀ፣ የደጀኔ ነው ብለው ፈረዱ።)

ሰባት ቁጥር፦

    ማክሰኞ ውሃ መጣ። ቆጣሪው ሦስት መቶ ዐሥር ይላል።
    ቀና ስል በረንዳው ላይ ነበረች፣ ከባልዲዎቹ ማዶ፣
    የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ይዛ
    መዝገብ ላይ ጎንበስ ብላ።
    ሌባ ጣቷ ሰማያዊ ነው።
    «ስንት ሆነ?» አለችኝ፣ ክዳኑን ሳታወጣ።
    ቁጥሩ ጠፋኝ።
    ተመልሼ አነበብሁ። ደግሞ ጠፋኝ።
    በዚያ ወር ለዚያ ቤት ሦስት ቢል ወጣ።
    ሁለቱን እኔ ከፈልሁ።

ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁት።
ያን ወር አስታውሰዋለሁ፤ ቢሉ አንሶብኝ
«ተሳስተዋል» ብዬ፣ እንዳይነቁብኝ
ዝም ብዬ ነበር።
ደርሶ፣ ከውሃ አገልግሎት፣ መስኮቱ አጠገብ
የማዶውን ጣሪያ ቆርቆሮ ይቆጥራል፣
አንድ በአንድ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ።
ከገባ አምስተኛ ወሩ ነው፤
ከ«እስማማለሁ» በቀር ቃል ሲወጣው አልተመዘገበም።

ድምፅ ተሰጠ። ለሰባት አምስት፣ ለአራት ሦስት።
ከሦስቱ አንዱ ደርሶ ነው፤ እጁ ተቻኩሎ
ገና «አራት» ሳይባል ወጣ ከፍ ብሎ።
ጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ ምክንያት አልተጠየቀችም።
«የሰባት ባለቤት ይነሣ!» ቢባል ማንም አልተነሣም።
ሽልማቱ፣ አንድ ደስጣ ወረቀትና የእጅ ባትሪ፣
ባለቤቱ እስኪገኝ ቁም ሳጥን ገባ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ሲወጡ፣ ደረጃው እያቃሰተ፣
ጣሳው ውስጥ አምስት ብር ጣልሁ።
ፈንታነሽ አየችኝ። «ምን አልሽ ደግሞ? አልሰማሁም።»
«ገና ነው» አልሁ፤ «በቅድሚያ ነው የከፈልሁ።»

ስብሰባው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ተዘጋ።
የሚቀጥለው ርእስ፦ «ያልተላከ ደብዳቤ»። ወረቀት በየራስ።
የኛ ሰፈር የውሃ ተራ ማክሰኞ ነው።
ይህኛው መስመር ይሰረዝ።